ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ

ተሾመ፣ የልቤ ሰው፤

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሞላ። ይህን የምጽፍልህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከጽሕፈት ሱቃችን፣ ካንተው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ሱቁን ገና ዛሬ መክፈቴ ነው። አቧራውን ጠረግኩ፣ መጋረጃውን አጥቤ ሰቀልኩ። አንዲት እናት የቀበሌ ማመልከቻ ሊያጽፉ መጥተው መሞትህን ስነግራቸው አለቀሱ።

አመሻሹ ላይ ኮምፒውተሩን እንዳስተማርከኝ ዘጋሁና ልጠብቅ ተቀመጥኩ። ድሮ ስክሪኑ ይጨልማል እንጂ ማራገቢያው መጮሁን፣ ትንሿ መብራትም መብራቷን አይተዉም ነበር። ሶኬቱን እንንቀለው ስልህ ይቃጠላል ብለህ ከለከልከኝ። ራሱ እስኪጠፋ እኔ እጠብቃለሁ፣ አንቺ ቀድመሽ ግቢና እራት አሙቂ ትለኝ ነበር።

ዛሬ ግን ተሾመ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ጥፍት አለ። መብራት የሄደ መስሎኝ አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁ፤ ይበራል። መልሼ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜም ወዲያው ጠፋ።

የኮምፒውተር ጠጋኛችንን ሳምሶንን ከጎን ሱቅ ጠርቼ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ ሁሉን ነገረኝ። አላጠፋ ያለው ከኋላ የተሰካው አሮጌ ስካነር ኖሯል፤ እሱን ነቅሎ ኮምፒውተሩን ያስተካከለው ከመሞትህ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እንዳይነግረኝ አስምለኸዋል። እኔ ከሄድኩ በኋላ የጠፋው ኮምፒውተር ፊት ደረትህን ይዘህ ትቀመጥ ነበር። ከዚያ ወደ ቤታችን የሚወስደውን ዳገት አራት ቦታ እያረፍክ ትወጣለህ፣ እሱ ከኋላ ከኋላ ይሸኝሃል። ልብህ መታመሙን ሐኪም ነግሮህ ነበር፣ ለኔ ግን አልነገርከኝም።

ዓመት ሙሉ፣ ተሾመ። እኔ እኮ ከዚህ ቆርቆሮ ጋር ምን አዋለህ እያልኩ ስነዘንዝህ፣ ሳኮርፍህ ነበር። አንድ ማታ እንዲያውም እሱኑ አግባው አልኩህ። ሳቅህ ትንፋሽ አሳጣህና ውሃ ሰጠሁህ። ትን ያለህ መስሎኝ ነበር።

ተናድጄብሃለሁ። ቀስ ብዬ አብሬህ እወጣ አልነበረም? ስንተጫጭ እንጦጦ ድረስ እጄን ይዘህ ያለ እረፍት ያወጣኸኝ ሰው፣ ዳገት አቃተኝ ማለት አፍረህ ነው መሰለኝ። እኔም ያኔ እግሬ ተላልጦ ነበር፤ አፍሬ አልነገርኩህም።

አሁን ልዘጋ ነው። የምታርፍባቸውን ቦታዎች ሳምሶን አንድ በአንድ ነግሮኛል። የመጨረሻው ከበራችን ጥግ ያለው ድንጋይ ነው አለኝ። እኔ ውስጥ ሆኜ ዛሬም ቆየ እያልኩ ስበሳጭ፣ ለካ አንተ እዚያ ተቀምጠህ ትንፋሽህ እስኪመለስ ትጠብቅ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ አራቱም ቦታ ላይ እየተቀመጥኩ ነው የምወጣው። እያንዳንዱ ላይ አስብሃለሁ። ከእንግዲህ ቀድሜህ አልገባም።

አስቴርህ