እማዬ የነቀለችው ሶኬት

ለወንድሜ ለራሲየል፣

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ወገብህስ እንዴት ነው? ሥራ በዝቶብህ ምግብ እየዘለልክ እንዳይሆን። ባለቤትህ ማይሬሊስስ ደህና ናት? እኛ ደህና ነን። ይህን ካልኩህ በኋላ ግን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ እኔን ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

አሮጌውን ላፕቶፕህን ሸጬ ወዳንተ የምመጣበትን ገንዘብ ልሞላበት እንደነበር ታውቃለህ። ገዢው አዲስ ሲስተም ካልተጫነበት አልወስድም አለ። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ባዮሱ፣ ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው ፕሮግራም፣ መታደስ ነበረበት። ላፕቶፑ በፍላሽ አልነሳም ብሎ አሻፈረኝ ስላለ ከሥራ ቦታዬ ከውጭ የሚሰካ የሲዲ ማንበቢያ ተውሼ መጣሁ። ባትሪው አብጦ ካወጣሁት ቆይቷል፤ ነፍሱ ያለችው ግድግዳው ላይ በተሰካው ገመድ ነው። እማዬን "እስኪያልቅ እንዳትነኪው፤ መሃል ላይ ከጠፋ አለቀለት" አልኳት።

ውሃ መጣ ሲባል በርሜል ልሞላ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ስክሪኑ ጨልሟል፤ እማዬ የፍሪጁንም የላፕቶፑንም ሶኬት ነቅላ ቆማለች። "መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ፍሪጁ እንዳይቃጠል ብዬ ነው" አለች። የባያሞን ሰው ታውቀው የለ፣ መጀመሪያ ይነቅላል፣ ከዚያ ያስባል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልቆጣት እንኳ አልቻልኩም።

ጎረቤታችን ኔሬይዳ ጨው ልትበደር ገብታ ይህን ሰማች። "የምን ብልጭ ድርግም? ከጧት ጀምሮ ስሰፋ ነው የዋልኩት፣ የስፌት መኪናዬ አንዴም አልቆመችም። መብራቱ አንድ ቀን ቢያምርበት ደግሞ በሐሰት ትከሱታላችሁ?" አለች። እማዬን አየኋት። አቀረቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ ውሸት ያልወጣት እናታችን!

ለማሽኑ አትዘን። እንዲህ ያለው አሮጌ ማሽን ባዮሱ ቢበላሽም ውስጡ የማትሞት ቁራጭ ፕሮግራም አለችው፤ ሲዲ ላይ የማዳኛ ፋይል ትፈልጋለች። በማግስቱ መሥሪያ ቤት ፋይሉን ሲዲ ላይ ቀድቼ መጣሁና አስገባሁት። ስክሪኑ እንደጨለመ የማንበቢያው መብራት ብቻ ብልጭ ማለት ጀመረች፤ ቆይቶም ተነሳ። አዲሱን ሲስተም በሌላ ሲዲ ስጭንበት እማዬ አጠገቤ ተቀመጠች። "እንዳልሄድብሽ ነው አይደል የነቀልሽው? ብቻሽን መቅረት ፈርተሽ?" አልኳት።

"ብቻዬን እንድቀር የወሰናችሁት እናንተ ናችሁ" አለችኝ። "ራሲየል ሲሄድ እማዬ ቤቷን አትተውም አለ። አንቺም ያንኑ ደገምሽ። አብረሽን ትሄጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።"

ጠይቀናት እናውቃለን፣ ራሲየል? አስቤ አስቤ አጣሁት። አፈርኩ። ገዢው ቅዳሜ ይመጣል፤ ምን እንደምለው አላውቅም። መልስህን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ጻፍላት።

ማይሬሊስን ሳምልኝ። ኔሬይዳ "ያን ሰነፍ ሰላም በይልኝ" ብላለች። እማዬም ጉንጭህን ስማሃለች፤ እዚያ አገር ክረምቱን ካፖርት ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላለች።

እህትህ ኦዳሊስ
ባያሞ፣ ኩባ
ሜይ 9 ቀን 2023