በታላቅ ወንድማቸው ስም የዘመቱት ሃምሳ አለቃ ጂትማን ራይ

ሃምሳ አለቃ ጂትማን ራይ ከአባታቸው ከሃርካዶጅ ራይና ከእናታቸው ከፉልማቲ ራይ፣ በምሥራቅ ኔፓል ከአሩን ወንዝ በላይ ባለችው መንደራችን እ.ኤ.አ. በ1921 ተወለዱ። የሠራዊቱ መዝገብ ግን የትውልድ ዘመናቸውን 1917፣ ስማቸውን ደግሞ ፓዳምዶጅ ይላል። ፓዳምዶጅ ታላቅ ወንድማቸው ናቸው፤ በሕይወት አሉ፤ እነሆ ከፊት ተቀምጠዋል። ከጡረተኞች ማኅበር የመጣችሁ እንግዶች፣ ያመጣችሁት የሐዘን ደብዳቤ ላይ የሰፈረው የእሳቸው ስም ነውና እባካችሁ አትደንግጡ።

በ1939 የእንግሊዞች መልማይ ከኔፓላውያን ለተዋቀረው የጉርካ ጦር የመረጠው ፓዳምዶጅን ነበር። በማግሥቱ የምልመላ ወረቀቱን ይዘው ቁልቁለቱን የወረዱት ግን የአሥራ ስምንት ዓመቱ አባቴ ጂትማን ሆኑ። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «ወንድሜ አዲስ ሙሽራ ነበር። 'አንተ ሂድልኝ' ብሎ አለቀሰብኝ» ይሉ ነበር። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። «ማን አለቀሰ? ወረቀቴን ከራስጌዬ ሰርቆ ጠፋ እንጂ! ቦት ጫማ አምሮት ነው!» እኔ የመጀመሪያ ልጃቸው ሱንማያ፣ ሁለቱም ሲምሉ እየሰማሁ አድጌ የቱን እንደማምን ዛሬም አላውቅም።

አባቴ ፊደል የለዩት በጦር ሠፈር ነው። በ1942 ጃፓኖች ሲገፉ ከበርማ በእግራቸው አፈገፈጉ። በ1944 በሕንድ ድንበር በኢምፋል አቅራቢያ፣ ጓዶቻቸው በመትረየስ ተኩስ ሲወድቁ በደረታቸው ተስበው መትረየሱን ዝም አሰኙ፤ ሁለት ቁስለኞችንም ጎትተው አወጡ። ለዚህም የጀግና ሜዳይ ተሸለሙ። በ1947 ለዕረፍት ሲመጡ እናታችንን ላልማያን አግብተው አራት ልጆች አፈሩ። ከዚያም በማላያ ጫካ ዘምተው በ1957 በጡረታ ተሰናበቱ።

እንደተመለሱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ወንድማቸው ቤት ነበር። የሜዳይ ሳጥኑን ፊታቸው አስቀምጠው፣ «ስምህ ተቀርጾበታል፤ ያንተ ነው» አሏቸው።

«በቆሎ ስለኮተኮትኩ ነው የተሸለምኩት? ውሰድልኝ!»

አባቴ ትተውት ወጡ። አጎቴ በሳምንቱ መልሰው አመጡት። አርባ ዓመት ሙሉ ያ ሳጥን በሁለቱ ቤቶች መካከል ሲመላለስ ኖረ። እናቴ፣ «እሱስ ከሁለታችሁም በላይ ዘመተ» ትል ነበር። ስጦታ ይሁን፣ ይቅርታ መጠየቂያ ይሁን፣ ወይም መወቃቀሻ፣ ገብቶኝ አያውቅም።

አባቴ ባለፈው ክረምት ሳንባቸውን ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። እውነቱን እንዲነግሩኝ አንድ ቀን ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ለእኔም ተምታቶብኛል» አሉኝ። «በእሱ ስም አቤት ስል ብዙ ዘመን ሆነኝ። ማን ማንን እንደላከ አላስታውስም።» የካቲት 11 ቀን 1998፣ በሰባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ሙታንን ወደ አባቶቻቸው የሚሸኙት ሽማግሌ መጥተው፣ «በየትኛው ስም ልጥራው?» አሉ። ስሙ ከተሳሳተ ነፍስ መንገድ ትስታለች። የሕያው ሰው ስም ከተጠራ ደግሞ ያ ሰው ሟቹን ይከተላል ይባላል። ሁላችንም ወደ አጎቴ ዞርን። በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ፓዳምዶጅ ብለህ ጥራው» አሉ። «ጥይት እየዘነበ አቤት ያለው በዚህ ስም ነው፤ ሌላውን ላይሰማ ይችላል። የእኔ ተራ ሲደርስ ጂትማን በሉኝ፤ ማንም አልተጠቀመበትም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብቻ ቀስ ብለህ ጥራ፤ እኔም እንዳልሰማ» አሉ። ሰው ሊስቅ ሲል አጎቴ ማልቀስ ጀመሩ።

ሃምሳ አለቃ ጂትማን ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። አባቶቻቸው ደጅ ወጥተው ይቀበሏቸው፤ ማን ነህ ሳይሉ ያስገቧቸው።