ሰኞ ጠዋት ማቡኪያውን ለሚያስነሱት ክቡር ሚኒስትር

ይድረስ የፋብሪካዎቻችንን ጥገና፣ ጥበቃና ቁጥጥር በአንድ ፊርማ ለሦስተኛ ወገን ላስተላለፉልን ክቡር ሚኒስትር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱ እጆችዎ እንደምን ሰነበቱ? ስለ እጆችዎ ለይቼ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የፊታችን ሰኞ ወደ ዳቦ ፋብሪካችን መጥተው፣ ሪባን ቆርጠው፣ የቆመውን ትልቅ ማቡኪያ ለበዓሉ የተገጠመውን አረንጓዴ ማስነሻ ተጭነው እንደሚያስነሱልን በቴሌቪዥን ሰምተናል። ለዚህ ሥራ አንድ ጣት እንደሚበቃ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሰው ሙሉ እጁን ይዞ ቢመጣ አይከፋም።

እኔ በዚያ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ መካኒክ ነኝ። ነኝ የምለው አፌ ለምዶብኝ ነው፤ ከሳምንት በፊት ተባርሬያለሁ። ምክንያቱን ወደ ታች አልደብቅዎትም። አሁን የምጽፍልዎ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከታናሽ እህቴ አልጋ አጠገብ፣ ጭኔ ላይ ደብተር አስቀምጬ ነው፤ ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የተከበረው ጊዜዎ እንዳይባክን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቅርቤዋለሁ።

፩ኛ. ስለ ጓጉንቸሮቹ አመሰግናለሁ። ማቡኪያችን ሰው ቆሞ የሚገባበት የብረት ገንዳ ነው፤ መሀሉ ላይ እንደ ሰው ጭን የወፈረ የብረት ክንድ ይዞራል። ገንዳው ባዶ በሆነ ቁጥር ከሰባቱ ፋቂ ሴቶች አንዷ ትገባና ጎኑ ላይ የተጣበቀውን ሊጥ በመፋቂያ ታነሳለች። ከእርስዎ ዘመን በፊት አንዲት ልማድ ነበረችን፦ የምትገባዋ ሴት መጀመሪያ መብራት ክፍሉ ውስጥ የማቡኪያውን ዋና ማጥፊያ ታወርድና የራሷን ጓጉንቸር ትቆልፍበታለች፣ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ ታስራለች፣ ከዚያ በኋላ ነው እግሯን ወደ ገንዳው የምታነሳው። ወጥታ በገዛ እጇ እስክትከፍተው ድረስ ሥራ አስኪያጁ ቢቆጣ፣ ደንበኛ ቢጮህ፣ ማቡኪያው ንቅንቅ አይልም። ይህን ደንብ ያወጣልን ማንም ኤክስፐርት አልነበረም፤ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ጣታቸውን እየገበሩ ያቆዩት ነው። ሦስተኛው ወገን የተባለው የኮንትራት ኩባንያ በመጣ በሳምንቱ ይህን ኋላ ቀርነት አስወገደልን። ጓጉንቸሮቹንና ቁልፎቹን በጆንያ ሰብስቦ መብራት ክፍሉ ውስጥ ጣላቸው፣ ክፍሉን ቆለፈው፣ ግድግዳው ላይ የነበረውንም ቀዩን የአደጋ ማቆሚያ ሠራተኛው ለማረፊያ ይጠቀምበታል ብሎ ነቀለው። እህቴ ብቻ አንገቴ ባዶ ሲሆን ይበርደኛል ብላ ቁልፏን ደብቃ አስቀረች። ጓጉንቸር የሌለው ቁልፍ ይዘሽ ምን ታደርጊያለሽ ብለን ስንስቅባት ነበር።

፪ኛ. ስለ ዘጠኟ ደቂቃ አመሰግናለሁ። በአዲሱ አሠራር ማቡኪያውን የሚያቆመውም የሚያስነሳውም ከባሕር ማዶ ያለ የመቆጣጠሪያ ክፍል ሆነ። ፋቂዋ በስልክ ትደውላለች፣ አንዲት ልጅ በትሕትና ታነሳለች፣ ማሽኑ ይቆማል። ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ የቆመ ማሽን ሥራ እንደ ፈታ ተቆጥሮ እንዲነሳ የሚለው አንቀጽ እርስዎ የፈረሙበት ሰነድ ላይ አለ፤ እኔ ራሴ አንብቤዋለሁ። ለምን ዘጠኝ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ምናልባት ቁጥሩን የመረጠው ሰው ሊጥ ሲደርቅ አይቶ አያውቅም።

፫ኛ. ስለ ጎማው አመሰግናለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ግማሹ ምስጋና ለእኔ ነው። የደረቀ ሊጥ የሚለሰልሰው በሙቅ ውሃ ነው። የሙቅ ውሃው ጎማ ተቀደደ። መለወጫው ጎማ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በአዲሱ አሠራር ያለ ሥራ ትዕዛዝ ብሎን የነካ መካኒክ እንደሚባረር ተነግሮናል፤ ሥራ ትዕዛዙም ፎርም ከተሞላ በኋላ አሥራ አራት የሥራ ቀን ይወስዳል። ፎርሙን ሞላሁ። ጠበቅሁ። እህቴ በየቀኑ ስታልፍ ጎማው ደረሰ ወይ ትለኛለች፣ እኔም እየሳቅሁ ሂደት ላይ ነው እላታለሁ። ክቡርነትዎ፣ እኔ ከእርስዎ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፦ ሂደት ላይ ነው ማለትን። ይህንን እስክሞት ድረስ ለራሴ ይቅር አልልም።

፬ኛ. ስለ ሐሙስ ጠዋት አመሰግናለሁ። ፎርሙ በተሞላ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ሊጡ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል፤ እህቴ ደወለች፣ ማሽኑ ቆመ፣ ገባች። በዘጠኝ ደቂቃ ከግማሽ በላይ አልፋቀችም። ብረቱ ተነሳ። ጩኸቷን የሰማሁት ከምድጃው ማዶ ነው፤ ስደርስ የብረቱ ክንድ የእሷን ቀኝ ክንድ ከክርኗ በላይ ይዞ እያዞራት ነበር። ጭንቅላቷ በየዙሩ ከገንዳው ጋር ይጋጫል። ቀዩን ማቆሚያ ልመታ እጄን ወደ ግድግዳው ሰደድሁ፣ ያገኘሁት አራት የብሎን ቀዳዳ ነው። ስልኩን አነሳሁ፤ ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው፣ በወረፋ ሦስተኛ ነዎት አለኝና ሙዚቃ ከፈተልኝ። ሙዚቃው ደስ ይል ነበር። ከዚያ መዶሻዬን ይዤ የመብራት ክፍሉን በር ሰበርሁና ማጥፊያውን አወረድሁት። እጇ ግን ቀድሞኝ ሄዷል። ሰባት ጊዜ ዞራለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ሳይፈልጉት ቆጥረውታል። ገንዳው ውስጥ ዘልዬ ገብቼ የተቆረጠ ክንዷን በቀበቶዬ አስሬ አወጣኋት፤ ደሙ ከዱቄቱ ጋር ተለውሶ ጫማዬ ላይ ሲደርቅ በማግስቱ የፋቅሁት በእሷው መፋቂያ ነው። ለሕዝባችን ግን ሥጋት አይግባዎት፤ ትንሹ ሁለተኛው ማቡኪያችን የራሱ ማጥፊያ ስላለው ለአፍታም አልቆመም፣ ዳቦው በሰዓቱ ወጥቷል። አሁን ዳቦው በጣም ስላነሰ ሁለቱ በአንድ እጅ ይያዛሉ፤ ለእህቴ ይህም አንድ ነገር ነው።

የሦስተኛው ወገን ሪፖርት በሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ ከጎማው ፈጠነ። የአደጋው ምክንያት የሠራተኛዋ ቸልተኝነት ነው ይላል። የተፈቀደላትን ጊዜ አሳልፋለች።

፭ኛ. ስለዚያች ባሕር ማዶ ስላለችው ልጅ ደግሞ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምፀት የለበትም። ማሽኑን ያስነሳችው እሷ ናት። ከፊቷ ያለው ሰዓት ቀይ ሲሆን መጫን ነው ሥራዋ፤ ደውላ ያስቆመችው ሴት ራሷ ገንዳው ውስጥ እንደምትገባ የነገራት የለም፣ ማቡኪያ ምን እንደሚመስልም አታውቅም። ስልኬን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ደውላ ሴትዮዋ ተርፋለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ተርፋለች አልኋት። ብዙ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን እሷም ተባረረች፤ ሥራዋ ለሌላ ርካሽ አገር ተሰጥቷል አሉ። ከዚህ ሁሉ ሰው ይቅርታ የጠየቀን እሷ ብቻ ናት።

፮ኛ. ስለ ጥበቃዎቹ አመሰግናለሁ። በአደጋው ማግስት ወደ ፋብሪካው በር ሄደን አንድ ነገር ብቻ ለመንን፦ ጓጉንቸሮቻችን ይመለሱልን። ደመወዝ አላነሳንም፣ ካሳ አላነሳንም፤ ስድስት ሴቶች ገና እዚያ ገንዳ ውስጥ ይገባሉ። የድሮው ሽማግሌ ዘበኛችን ቢሆን ኖሮ ቁጭ በሉ ልጆቼ ይለን ነበር፤ የእሱም ሥራ ለሦስተኛ ወገን ተላልፎ ቤቱ ተቀምጧል። አዲሶቹ ቆመጥ ይዘው ወጡ። የፈረቃ ኃላፊያችን የሦስት ልጆች እናት ናት፤ አገጯን አሏት። ሁለት ጥርሷን ከአስፋልቱ ላይ ለቅማ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና የሕመም ፈቃድ ፎርሙ የት ነው ብላ ጠየቀች። እኔን የመታኝ ጥበቃ ባለፈው ዓመት ከምድጃ ክፍል የተቀነሰ ጓደኛዬ ነው። ወንድሜ ይቅር በለኝ አለኝ፣ ከዚያ ትከሻዬን አወለቀው። ሥራ ፈጠራ ማለት ይህ ከሆነ እውነትም ተፈጥሯል።

እንግዲህ ስለ ራሴ ጥፋት። የተባረርሁትም በዚሁ ነው፤ ክስም ስለተመሠረተብኝ ከእኔው አፍ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ትከሻዬ በታሰረ በሁለተኛው ቀን የሦስተኛው ወገን ሥራ አስኪያጅ ማቡኪያው ዘንድ ቆሞ ገንዳውን ለሰኞ በዓል ቀለም ሲያስቀባ አገኘሁት። ደም የነበረበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ቀቡት እያለ ነበር። በደህና እጄ ማጅራቱን ይዤ ፊቱን ከገንዳው ጠርዝ ጋር አጋጨሁት፤ አፍንጫው ተሰበረ። ከዚያ ቀኝ ክንዱን እስከ ብብቱ ገንዳው ውስጥ አስገብቼ በጉልበቴ ተጫንሁትና የእጅ ሰዓቴን ከፊቱ ደቀንሁለት። ማሽኑ ሙት እንደሆነ እኔም እሱም እናውቃለን። ቢሆንም በሁለተኛው ደቂቃ ሱሪው ረጠበ፣ በአራተኛው እኔም እህት አለኝ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ቀለም ቀቢዎቹ አልገላገሉንም፤ ሰዓቱን ያዩ ነበር። ልክ ዘጠኝ ሲሞላ ለቀቅሁት፤ እኛ ደንብ አክባሪዎች ነን። አልኮራሁበትም። ነገር ግን እዋሽዎታለሁ እንዴ፣ ያን ሌሊት ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ፖሊስ የት እንዳለሁ ያውቃል። ይህችን ደብዳቤ ስጨርስ እጄን እሰጣለሁ፤ በእኛ ቤት ያሉት ሦስት እጆች ናቸው፣ ሁለቱን መውሰድ ይችላሉ።

ጥያቄዬ አንዲት ናት። በንግግርዎ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ብልጽግና እንጓዛለን ብለዋል። ከመጓዛችን በፊት ስድስቱ ጓጉንቸሮች ከጆንያው ወጥተው ለስድስቱ ሴቶች ይታደሉ። ወጪ የለውም፤ ገዝተናቸዋል። ሰኞ እርስዎ ሪባኑን ቆርጠው፣ ፎቶ ተነሥተው ከሄዱ በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ከስድስቱ አንዷ ወደዚያ ገንዳ ትገባለች፤ ዘጠኝ ደቂቃዋም ይቆጠራል።

የክቡርነትዎን ዕድሜ እንደ ወረፋችን ያርዝምልኝ፣ ወንበርዎን ለሦስተኛ ወገን ከመተላለፍ ይሰውርልኝ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ባልተጠገነ ትከሻ እሰናበታለሁ።

የትናንቱ መካኒክ፣ የዛሬው ተከሳሽ፣ የፋቂዋ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ አረንጓዴውን ማስነሻ ሲጫኑ ምንም ባይነሳ እንዳይደነግጡ። እህቴ ራሷን ስታውቅ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እጇ አልነበረም፣ ማጥፊያው ተቆልፏል ወይ ነው ያለችኝ። ስለዚህ ቁልፏን ከአንገቷ ተውሼ ትናንት ጥበቃዎቹ ፈረቃ ሲቀያየሩ ወደ ፋብሪካው ገባሁ። የሰበርሁት የመብራት ክፍል በር እንደተሰበረ ነው፤ ጥገናው ሂደት ላይ ነው። ከጆንያው ጓጉንቸሯን አገኘሁትና ማጥፊያው ላይ ቆለፍሁት። በመጋዝ እናስቆርጠዋለን ካሉም ፎርም አለው፤ አሥራ አራት የሥራ ቀን ነው። ቁልፉን መልሼ አንገቷ ላይ አስሬዋለሁ። የሴቶች ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው አልጋ። መጥተው ከጠየቋት እሰጣለሁ ብላለች፤ ስድስቱ ጓጉንቸሮች መታደላቸውን በዓይኗ ካየች በኋላ ነው። ክሩን ግን ከኋላ ጠበቅ አድርጌ ስለ ቋጠርሁት ለመፍታት ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ የእርስዎን ይዘው ይምጡ።