ነቀፋ ከጎረቤት

ውድ ወንድሜ «ገና ነው»፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልህ ታላቁ ልጅህ እንደሚሆን አውቃለሁ። አንድ ነገር እዘዝልኝ፤ ሳያሳጥርና ሳያለሰልስ ያንብብ። ከልጅነቱ ጀምሮ መራራ ነገር ሲገጥመው ስኳር ፍለጋ የሚሮጥ ነው። እዚህ ውስጥ ስኳር የለም።

በስልክ ያስነገርከኝ ደርሶኛል። «ልጄን በሰው ፊት አዋረድካት፤ ከእንግዲህ በመካከላችን ግንብ እንጂ ጉርብትና የለም» ብለሃል። ያኔውኑ ያልመለስኩልህ ፈርቼ አይደለም። በስልክ ሰው ይቆጣል እንጂ አይነጋገርም። ደግሞ አንተ ስትናደድ ጆሮዬ ላይ ነው የምትዘጋው። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም የምጽፈው። የሆነውን እንደሆነው ልነግርህ ነው። ከሰማህ በኋላ ጉርብትናውን አፍርሰው ወይም ተወው፤ ፍርዱ ያንተ ነው።

ገዢው የመጣው ባለፈው ወር ነበር። እጁ ለስላሳ፣ ንግግሩ ከእጁ የባሰ ለስላሳ ሰው ነው። ለሆቴሎች ወይን ጠጅ ያቀርባል። «የምገዛው ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ ከኖረ ቤት ብቻ ነው» ይላል። የመረጠው ቤት ወይን ለብዙ ዓመት በሆቴሎቹ ጠረጴዛ ሁሉ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ኮረብታችንን አይወጣም። ሦስት ቤት ጠራ፤ የናንተን የላይኛውን ቤት፣ የኛን የታችኛውን፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ የሁለቱን እህትማማቾች ቤት።

ቅምሻው የተደረገው እናንተ ጋ፣ ድሮ በርሜል በምንጠግንበት አዳራሽ ነው። ልጅህ ግድግዳውን ነጭ አስቀብታዋለች። የአያትህን ፎቶ ከበሩ ትይዩ ሰቅላዋለች፤ ያቺን ፂማቸው ወደ አንድ ወገን የዞረባትን። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ጨርቅ፣ በመስመር የቆሙ ብርጭቆዎች፣ መሬት ላይ መትፊያ ባልዲ። ሁሉም በቦታው ነበር ማለት እችል ነበር፤ አንድ ነገር ባይጎድል። የናንተ ወይን ጠጅ ከኛ ቤት ማንም ሳይቀምሰው ነው ጠረጴዛ ላይ የወጣው።

ሕጉን አንተ ታውቀዋለህ። ታላቁ ልጅህ ግን ከተማ ገብቶ ረስቶት ይሆናልና እያነበበ ይስማው። ሁለቱ አያቶቻችን መጀመሪያ ላይ «ግሩም ነው»፣ «እጅህ ይባረክ» እየተባባሉ ነበር የሚኖሩት። አንድ ዓመት ያንተ አያት ወይን መንገድ ላይ አቸቶ ሆኖ ገበያ ደረሰ። የኔ አያት አስቀድመው ቀምሰውት ነበር። አውቀውም ነበር። ይሉኝታ ይዟቸው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ነጋዴው ከዚህ ኮረብታ የወረደውን በርሜል ሁሉ፣ የኛንም ጭምር፣ ሳይከፍት መለሰው። ያኔ ነው ሁለቱ ሽማግሌዎች የወይን እርሻችንን የሚለየው ግንብ ላይ ተቀምጠው የተማማሉት። ጎረቤት ያልቀመሰው በርሜል ከኮረብታው አይወርድም። ቀማሹም ጉድለቱን ብቻ ይናገራል። ምስጋና ከገበያ፣ ነቀፋ ከጎረቤት።

አባቶቻችን ጠበቁት፤ እኛም ጠበቅነው። የኔን ወይን «እርጥብ ውሻ ይሸታል» ያልክ ጊዜ ባለቤቴ ሰላምታህን እንኳ መመለስ ትታ ነበር። እኔ ግን በርሜሎቹን በሙሉ አስፈትቼ አሳጠብኩ። ውሻው እዚያ ውስጥ ነበረና። በዕድሜዬ አንድም ቀን «ጥሩ ነው» ብለኸኝ አታውቅም። እኔም ብዬህ አላውቅም። ለዚህ ነው ሁለታችንም እስከዛሬ ወይን ጠማቂ የተባልነው።

ዓይንህ ደክሞ ከተማ ታላቁ ልጅህ ጋ ከገባህ በኋላ፣ ሴት ልጅህ በመጀመሪያው ዓመት ብርጭቆ ይዛ መጣች። ቀመስኩና «ቀጭን ነው» አልኳት። ብርጭቆዋን ይዛ ሄደች። ዘንድሮ አልመጣችም። እኔም ሄጄ አልጠየቅኳትም፤ ቀማሽ አይለምንም። የራሴን ግን ሁለቱንም ዓመት ልኬላታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ «ደህና ነው» የሚል መልስ መጣልኝ። ደህና ነው! አንተ እንዲህ ብትለኝ ታመሃል ብዬ ሐኪም እጠራልህ ነበር።

ወደ ቅምሻው ልመለስ። ገዢው የናንተን አስቀደመ። ብርጭቆውን አዞረ፣ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «አበባ» አለ። «አበባ ነው የሚሸተው። ይህን መዓዛ ስፈልግ ነው የከረምኩት።» ልጅህ እጇን ከጀርባዋ አድርጋ ቆማለች። ከእህትማማቾቹ ታላቂቱ ብርጭቆዋን አሸተተችና «እኔ እንዲህ ብሸት ኖሮ ይኼኔ ሦስት ባል ቀብሬ ነበር» አለች። ሁሉም ሳቀ።

እኔም አፍንጫዬን አስገባሁ። አበባው አለ። ከአበባው ኋላ ግን አንተ «መርፌው» የምትለው ነገር ነበር፤ ቀጭን፣ ሹል። ጎነጨሁት። ምላሴን ግራና ቀኝ ወጋኝ። አቸቶ ሲጀምር እንደ ሽቶ ነው የሚያምረው፤ ይህን እኔና አንተ ከትምህርት ቤት አላመጣነውም፣ ከደፋናቸው በርሜሎች ነው የተማርነው።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ዝም ብዬ ልውል ነበር ሐሳቤ። ይህን እመነኝ። ብናገር ለራሴ ጠርሙስ የተናገርኩ ነው የምመስለው። ከናንተ ጠርሙስ ቀጥሎ የቆመው የኔ ነው፤ ያንተን የጣልኩ እንደሆነ የኔን ያነሳሁ ነኝ። የገዛ ልጄ ከጎኔ ተቀምጧል፤ ለዚያ ቀን ብሎ አዲስ ሸሚዝ ገዝቷል። እውነት መናገር ከምቀኝነት ጋር እንዲህ ልብስ ሲዋዋስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ገዢው ወደ እኔ ዞረ። «አባት፣ በዕድሜ ታላቃችን እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?»

ልጅህ አየችኝ። ብትለምነኝ ይቀለኝ ነበር፤ አልለመነችኝም።

«ይበሉ እንጂ ጋሼ» አለች።

ልብ በል። በልጅነቷ እዚያ ግንብ ላይ አንጠልጥዬ ያወጣኋት ልጅ ናት። ለኔ ከአፏ «አንተ» እንጂ ሌላ ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን «ይበሉ» አለችኝ። ልጄ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። አላየሁትም። የማየው አያትህን ነበር፤ ያንን የዞረ ፂም። የኔ አያት ዝም ያሉት በኚህ ሰውዬ ፊት ነው።

«አየር ነክቶታል» አልኩ። «አቸቶ ጀምሮታል። ጠርሙስ ውስጥ ዓመት አይሞላውም። ከኮረብታው መውረድ የለበትም።»

ገዢው ብርጭቆውን አንስቶ እንደገና አሸተተ፤ አሁን ዓይኑን አልጨፈነም። አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ ለሁሉም ይሸታል። «እ… አዎ» አለ። «አሁን ሲሉኝ… የሆነ ነገር አለው።» ጠርሙሳችሁን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። ያቺን ጣት ብሰብራት ደስታዬ ነበር። ግን ያስገፋኋት እኔ ነኝ።

ልጅህ አላለቀሰችም። አንተ አንባቢው፣ ይህን ለአባትህ ደግመህ አንብብለት፤ አላለቀሰችም።

«እንግዲያው ወደ ታችኛው ቤት እንለፍ» አለና የኔን ጠርሙስ አነሳ። ልጄ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«አንድ ጊዜ» አለች ልጅህ። ጠርሙሱን ከእጁ ወሰደችው። «የዚህ ኮረብታ ሕግ አለ። መጀመሪያ የሚቀምሰው ጎረቤት ነው። ተራው የኔ ነው።»

ቀዳች። አሸተተች። ጎነጨች፣ ደግማም ጎነጨች። ከዚያ ባልዲው ውስጥ ተፋችው። ያንተ አተፋፍ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጠብታ የማያባክን።

«ችኩል ነው» አለች። «ፍሬው ሳይደርስ ነው የተለቀመው። በርሜሉ ሊሸፍንለት ሞክሯል፤ አልቻለም። የአምናውም እንዲሁ ነበር።» ወደ እኔ ዞረች። «ሲልኩልኝም ገብቶኝ ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ ደህና ነው ብዬ ላክሁ። ዛሬ ይሉኝታ የለብኝም። አባቴ ከሄደ ጀምሮ እየቸኮሉ ነው፣ ጋሼ።»

ልጄ ተነሳ። «ምን ማለትሽ ነው? ምላስሽን…»

«ቁጭ በል» አልኩት።

የራሴን ወይን ቀዳሁና ቀመስኩ። መቼም የገዛ ልጅን መልክ ማየት ከባድ ነው፤ ሁሌ ስለምታየው አታየውም። ከነገረችኝ በኋላ ግን አገኘሁት። ጥግ ላይ ጥሬ የሆነ፣ ድድ የሚይዝ ነገር። «እውነቷን ነው» አልኩ። ልጄ ያን ጊዜ ወጥቶ ሄደ።

ገዢው አፉን ጠርጎ ወደ እህትማማቾቹ ጠርሙስ ተሻገረ። የነሱ እንደ ከረሜላ የሚጣፍጥ ነው። ስለ ጉድለቱ የሚናገር አልነበረም። «እኛ ተመስገን ነው፣ ጎረቤት የለንም» አለች ታናሺቱ። ውሉን እነሱ ፈረሙ።

የሆነው ይኸው ነው። ልጄ እስከዛሬ አኩርፎኛል። ባለቤቴ ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ በርሜሉን ሁሉ ስትደፍን አፍህን ረስተኸዋል» አለችኝ።

ልጅህ ያልነገረችህ ነገር አለ፤ እሱን በርሜል ሠሪው ነው የነገረኝ። በማግሥቱ እሷው ራሷ ጠርታው ምድር ቤቱን አብረው ፈትሸዋል። ከኋላ፣ ጨለማው ጋ ያለችው በርሜል እንጨቷ ተሰንጥቆ ወይኑ ጎድሎ ነበር። ለቅምሻው የቀዳችው ከሷ ነው፤ መዓዛዋ ከሁሉ በልጦባት። «ሌሎቹ ንጹሕ ናቸው» አለኝ። «ግን ልትደባልቃቸው ተሰናድታ ነበር። ደባልቃቸው ቢሆን ሁሉንም ነበር የምትደፋው።» ይህን የምነግርህ ትክክል ነበርኩ ለማለት አይደለም። ትክክል መሆኔንማ ያኔም አውቀዋለሁ። የምነግርህ ምድር ቤትህ ደህና መሆኑን እንድታውቅ ነው።

አሁን ደግሞ እሷ ስላገኘችው ጉድለት።

ሠራተኞቹ እኔን «ደርሷል»፣ አንተን «ገና ነው» ብለው ለምን እንደሰየሙን ታስታውሳለህ። ለቀማ ሲቃረብ ጠዋት ጠዋት ግንቡ ጋ ቆሜ ፍሬ እቀምስና «ደርሷል» እላለሁ። አንተ ከወዲያ ሆነህ «ገና ነው» ትላለህ። «ወፎቹ ሲጨርሱት ልትለቅም ነው?» እልሃለሁ። «አንተ ስትወለድም ቸኩለህ ነው አሉ» ትለኛለህ። እንዲህ ስንነታረክ ፍሬው ይደርሳል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለቀማውን የምቆርጠው በራሴ ምላስ ይመስለኝ ነበር። ችኩል መሆኔን አላወቅኩም፤ የሚይዘኝ ነበረና። ከሄድክ በኋላ «ደርሷል» ስል የሚመልስልኝ ጠፋ። ዝምታውን እሺታ አደረግኩትና ለቀምኩ።

ስለዚህ በኔ ጠርሙስ ውስጥ የጎደለው አንተ ነህ። ይህን ለምስጋና አልጻፍኩትም። ጉድለት ስለሆነ ነው።

ዛሬ ጠዋት መቀስ ይዤ ግንቡ ጋ ወጣሁ። ከቅምሻው ወዲህ ልጅህ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ከወዲያ በኩል ጎንበስ ብላ የወይን ሐረግ ታስራለች፤ እንዳላየ ሆንኩ። ከዘለላው አንዲት ፍሬ ቀጥፌ ቀመስኩ። ጣፈጠችኝ።

«ደርሷል» አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ከልማድ።

ሐረጉን አስራ ጨረሰች። ቀና አላለችም።

«ገና ነው» አለች።

«ምኑ ነው ገና?»

«ዘሩን ነክሰህ እየው። አረንጓዴ ነው።»

«ነክሰህ» ነው ያለችኝ። ነከስኩት። አረንጓዴ ነበር። መቀሱን ኪሴ ከተትኩና ወደ ቤት ወረድኩ።

ስለ ልጅህ ከኔ መስማት የምትችለው ጉድለቷን ብቻ ነው። አንድ ጉድለት ነበረባት፤ ይሉኝታ። አሁን የለባትም።

ፍርድህን አስጽፈህ ላክልኝ። ጥፋቴን እንጂ ሌላ እንዳትጽፍ። እስከዚያው ግን ግንቡ ባለበት አለ፤ ለቀማውም እየጠበቀ ነው።

ያው ጎረቤትህ፣
«ደርሷል»