ሰማያዊው ሲሊንደር

ኮልሃፑር፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2016
ከዳሰራ በዓል በአራተኛው ቀን

ለምወድህ ልጄ ለሻሺካንት፣

እንደምን ሰነበትህ? የሙስካት ሙቀት በረድ ብሎልህ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። ሚስትህ ናሊኒን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። ልጅህ ኬታኪ የእናቷን ጫማ ማድረግ ከጀመረች ሁለት ወር ሆኗታል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ስለዘጋሁ ነው። የላክኸው የአየር ሲሊንደር ተበስቷል። እንዲበሳ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትደውል።

ሳጥኑ የደረሰው በዓሉ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ስንከፍተው ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ሰማያዊው ቀለም ፊት ያሳይ ነበር፤ «ኬታኪ» የሚለው ነጭ ጽሑፍ ደግሞ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል። ሠላሳ አራት ዓመት ጋዜጣ ቤት የሠራሁ ሰው ስለ ፊደል ዝም ብዬ አላደንቅም። ናሊኒ እጇን ደጋግማ አሳለፈችበት።

ሲሊንደሩ ለምን ያህል እንዳስፈለገን ታውቃለህ። ኬታኪ ተኩስ የምትለማመድበት የዒላማ አዳራሽ አሮጌ ሲሊንደር የፍተሻ ጊዜው ነሐሴ ላይ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚያ የሚለማመዱት ስድስቱ ልጆች የአየር ጠመንጃቸውን የሚሞሉት በእጅ ፓምፕ ነው። አንድ ጠመንጃ ለመሙላት ላብ እስኪያንጠፈጥፍ መግፋት ነው፤ ከዚያ በኋላ ክንድ ይንቀጠቀጣል፤ በሚንቀጠቀጥ ክንድ ደግሞ የመርፌ ራስ የምታህል ነጥብ አትመታም። የኬታኪ የክፍለ ሀገር ማጣሪያ በዚህ ወር በ22 ፑኔ ላይ ነው።

አሮጌውን ሲሊንደር የዘጋችው እትዬ ኢንዱማቲ ናት። አንተ ከሄድክ በኋላ ስለመጣች አታውቃትም። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሊንደር በሚፈተሽበት ቤት ሠርታ፣ አሁን የአዳራሹን የአየር ክፍል ትጠብቃለች። ቀጭን ሴት ናት፤ መነጽሯን በክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ በቦርሳዋ ውስጥ ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረች ትንሽ መስታወትና የእጅ ባትሪ አይጠፉም። የፍተሻው ቀን ባለቀ ማለዳ ቫልቩ ላይ ቀይ ጨርቅ አሠረች። የልጆቹ ወላጆች «አንድ ወር ብቻ» ብለው ለመኗት። «ቀኑን እኔ አልጻፍኩትም፤ ልሰርዘውም አልችልም» አለች። ያኔ ግትር መስላኝ ነበር።

በዳሰራ ዋዜማ፣ መሣሪያ ሁሉ በሚባረክበት በመሣሪያ በዓል ቀን፣ ጠመንጃዎቹን በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደርን፤ ሲሊንደርህን መሐል አቆምነው። ለማተሚያ ማሽኖቹ በየዓመቱ አደርግ እንደነበረው አበባ አጠለቅኩለት፤ አንገቱንና ቫልቩን በኮኮናት ዘይትና በቀይ ዱቄት ቀባሁት። እትዬ ኢንዱ ገባች።

«ጋሼ ዲንካር፣ አፉ ላይ ዘይት ያደረገ ማነው?»

«እኔ ነኝ። በዓል አይደለም እንዴ?»

«በዓሉን እግሩ ላይ ያክብሩለት። ዘይትና የታመቀ አየር ሲገናኙ እሳት ይወልዳሉ። አማልክቱ ዘይት ቀረብን ብለው አይቀየሙም።»

ልጆቹ ሳቁብኝ። እሷ ጨርቅ አውጥታ ስትወለውል እጇ የሲሊንደሩ ትከሻ ላይ ቆመ። እዚያ ብረቱ ላይ የተመቱ ቁጥሮች አሉ፤ ቀለሙ ሞልቷቸው ነበር። በጥፍሯ ፋቀችው፤ አልተላጠም። እንደገና ፋቀችው።

«ይህን የቀባው ማነው?»

ኬታኪ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ እንደነበረች ሁሉ ከሳጥኑ ጋር የላክኸውን ደብዳቤ ከኪሷ አወጣች። ጮክ ብላ አነበበችው፦ ያገለገለውን ሲሊንደር ከባሕር ጠላቂዎች ሱቅ እንዴት እንዳገኘኸው፣ የመስኮት ፍሬም በምትቀቡበት ቤት እንዴት እንዳጸዳኸው፣ ዱቄት ቀለሙን ነፍተህ በሁለት መቶ ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደጋገርከው።

እትዬ ኢንዱ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «ስንት ዲግሪ አልሽ?»

«ሁለት መቶ።»

አበባውን በቀስታ አውልቃ ለኬታኪ ሰጠቻት።

ልጄ፣ የነገረችኝን እንደነገረችኝ እጽፍልሃለሁ። ይህ አሉሚኒየም ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ነው። በኋላ ሌላ ሙቀት ሲያገኘው ያንን ጥንካሬ ይለቃል። አይሰነጠቅም፣ አያብጥም፣ ምልክት አይሰጥም። አንተ ይህን ልታውቅ የምትችልበት መንገድ አልነበረም። የመስኮት ፍሬም ሁለት መቶ ባር ግፊት አይሸከምም።

ተከራከርኳት። «በውሃ ግፊት ይፈተን፤ ካለፈ አለፈ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ሁለት መቶ ባር ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ጥፍርዎን ይዩት። በእያንዳንዷ ጥፍር ስፋት ላይ ሁለት ኩንታል ቆሟል ማለት ነው። የውሃው ፈተና ዛሬ መቻሉን ይነግረኝ ይሆናል። ነገ ኬታኪ አጠገቡ ተንበርክካ ስትሞላ መቻሉን ማን ይነግረኛል? ሕጉም አጭር ነው፤ እንዲህ የጋለ ይጣላል።»

«እሺ፣ እቤት ለጌጥ እናቁመው።»

«እርስዎ እያሉ ጌጥ ነው። እርስዎ ሲያልፉ አንዱ አዲስ መስሎት ይወስደዋል፤ አንዱ ይሞላዋል። አምላክ እርስዎን ያቆይልን፤ እሱ ግን ይበሳል።»

ኬታኪ አበባውን እንደያዘች «አባዬ ያዝናል» አለች።

«ያዝናል» አለች እትዬ ኢንዱ። «ሐዘኑ ያልፍለታል።»

በማግስቱ የዳሰራ ዕለት ኬታኪ እትዬ ኢንዱ እግር ሥር ዝቅ ብላ እንደ ወርቅ የሚቆጠረውን ቅጠል ሰጠቻት። ከበዓሉ በኋላ ሦስታችን ሌላ ሲሊንደር ፍለጋ ወጣን። ያየሁትን ብነግርህ ደስ ይለኛል፤ ሰው ሥራውን እንዲህ ሲያውቅ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ያገለገለ ሲሊንደር የሚሸጠው ነጋዴ አንዱን ጥቁር ሲሊንደር እያንከባለለ መጣ። ከሆስፒታል የወጣ የኦክስጅን ነው። «እትዬ፣ አየር አየር ነው» አላት።

«የሆስፒታሉን ለሆስፒታል ተውለት። ኦክስጅን የነበረበት ዕቃ ጠመንጃ መሙያ አይሆንም።»

ሁለተኛው አዲስ ቀለም የተቀባ ነበር፤ አልነካችውም። ጥግ ላይ ግን አንድ ጎኑ የተጫጫረ፣ ግራጫ፣ መልከ ጥፉ የብረት ሲሊንደር አየች። ጭረቶቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ ለካች፤ ጥልቅ አልነበሩም። ትከሻውን ጠርጋ ቁጥሮቹን ለኬታኪ እያነበበች አስጻፈቻት፦ የተሠራበት ዓመት፣ የሚሠራበት ግፊት ሁለት መቶ፣ የተፈተነበት ግፊት ሦስት መቶ፣ የመጨረሻው ፍተሻ ያለፈው መጋቢት። ከዚያ የፍተሻ ወረቀቱን አስመጥታ ቁጥሩን ከቁጥሩ አመሳከረች። ቫልቩን አስፈትታ የመግጠሚያ ጥርሱን ልክ አየች። መስታወቷን ወደ ውስጥ አስገብታ በባትሪ እያበራች ዝገት ፈለገች። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ፈጀ።

ነጋዴው ሰለቸው። «እትዬ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትመርጪው?»

«ሙሽራ ከከፋ ወደ እናቱ ይመለሳል። ይህ ከከፋ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም።»

ያንን ወሰድን። ያም ሆኖ በድሮ መሥሪያ ቤቷ፣ በዓይኗ ፊት እንደገና በውሃ ግፊት ሳታስፈትነው አዳራሹ አላስገባችውም። ሲሞላም አጠገቡ ሆና ገላውን እየዳበሰች «ቀስ በሉ፣ እየሞቀ ነው» ስትል ነበር። ትናንት ኬታኪ ጠመንጃዋን ከእሱ ሞልታ ስልሳ ጥይት ተኮሰች። ክንዷ አልተንቀጠቀጠም። ያገኘችውን ነጥብ ራሷ ትነግርሃለች፤ እንዳልቀድማት አስጠንቅቃኛለች።

አሁን ወደ አንተው ልመለስ። ሲበሳ የያዝኩት እኔ ነኝ። መሰርሰሪያው ሲገባ ከቀዳዳው ዙሪያ የቀለሙ ፍንጣሪ እንኳ አልተነሣም። እትዬ ኢንዱ ጎንበስ ብላ አየችውና፣ «በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ የተቀባ ሲሊንደር አላየሁም። ልጅዎ እጅ አለው፤ ይህን ይጻፉለት» አለች። ይኸው ጻፍኩልህ።

ቂጡን በመጋዝ አስቆርጣ አዳራሹ በር ላይ በአንገቱ ሰቀለችው። ሲመቱት ረጅምና ጥሩ ድምፅ አለው። ልጆቹ ጠመንጃቸውን አስቀምጠው ወደ ዒላማው እንዲሄዱ ድሮ እሷ ነበረች የምትጮኸው። አሁን ሲሊንደሩ እንደ ደወል ይመታል። «የኬታኪ አባት» ብለው ስም አውጥተውለታል። «የኬታኪ አባት ሳይጠራ ንቅንቅ የለም» ይባባላሉ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሐምሌ ላይ የጻፍኩልህን ደብዳቤ አስታውሰዋለሁ። የሌሎቹ ልጆች አባቶች ለልጆቻቸው ያደረጉትን ቆጥሬልህ፣ «አንተስ?» ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያገለገለ ሲሊንደር ከነጭረቱ ለመላክ ያፍራል። በቀለም ይሸፍነዋል። ይህን የተረዳሁት መሰርሰሪያውን ይዤ ሳለሁ ነው። ሲሊንደሩ ከነጭረቱ በቂ ነበር፤ አንተም እንዲሁ።

ማጣሪያውን ካለፈች ሁለተኛው ዙር በታኅሣሥ ነው። የዕረፍት ፈቃድህም ያኔ እንደሚደርስ ናሊኒ ነግራኛለች። ከሄድክ አራት ዓመት ሆነ። ምንም አታምጣ።

የዳሰራውን ቅጠል በደብዳቤው ውስጥ አድርጌልሃለሁ። እስኪደርስ ይደርቅ ይሆናል፤ ወርቅ ነው ብለህ ተቀበለኝ። መንገድህ የቀና፣ እጅህ የተባረከ ይሁን፤ ደጃችንን በጤና ያስረግጥህ።

አባትህ
ዲንካር

ከፊርማዬ በኋላ፦ የአዳራሹ በር ቀለሙ ረግፏል። ሠራተኛ ልንጠራ ስንል እትዬ ኢንዱ ከለከለችን። «ልጅዎ ሲመጣ ይቀባልናል» አለች፤ ቀጥላም «በብሩሽ» አለች።