እፍ ብለሽ ያጠፋሽው ሻማ

ውድ ቦዲል፣

ይህን ደብዳቤ የዛሬ ስድስት ዓመት ነበር መጻፍ የነበረብኝ። ያኔ የጻፍኩት ግን ሌላ ነው፤ እሱንም ለአንቺ ሳይሆን ለአለቆችሽ ላክሁት። ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ምን እንዳስከተለ ግን እኔ ያወቅሁት ትናንት ነው።

ቲልዴ ነኝ፣ የቪላስ እናት፤ ወደቡ አጠገብ ካለው ቀይ ሕንፃ። ነርስ ሆነሽ ቤት ለቤት ሕፃናት ስታዪ ያባረሩሽ እናቶች ብዙ ከነበሩ፣ በሻማ ምክንያት ያባረርኩሽ እኔ ነኝ።

ያን ክረምት ላስታውስሽ። እናቴ በጥቅምት ስትሞት ቪላስ የአራት ወር ልጅ ነበር። እናቴ ጨለማው ወራት ሲገባ ጠዋት ተነሥታ የምትሠራው የመጀመሪያ ሥራ ሻማ መለኮስ ነበር፤ በጠረጴዛው፣ በመስኮቱ ደፍ፣ መታጠቢያ ቤት ሳይቀር። ከቤቷ ይዤ የወጣሁት ሁለት ካርቶን ሙሉ ሻማ ነው። ፎቶዋን ሳሎን አኑሬ ከጠዋት እስከ መኝታ ከፊቷ አበራለሁ፤ አንዱ ሊያልቅ ሲል በሌላው እተካለሁ። ከጠፋ እናቴ ደግማ የምትሞት ይመስለኝ ነበር። ሞኝነት መሆኑን ያኔም አውቀው ነበር።

እሷን የወሰዳት የሳንባ ምች ስለሆነ ብርድን እንደ ጠላት ማየት ጀመርኩ። የመስኮቶቹን ጠርዝ በፕላስተር ለጠፍኩ። ከመስኮቱ አናት ያለችውን የአየር ቀዳዳ በባለቤቴ በአስጌር አሮጌ ካልሲ ወተፍኳት። የታጠበ ልብስ ሳሎን ውስጥ አሰጣለሁ። ከምድጃው በላይ ያለውን የጭስ መሳቢያ፣ ድምፁ ልጁን ይቀሰቅሰዋል ብዬ፣ ነክቼው አላውቅም። አስጌር «ቤቱን የአሣ ቆርቆሮ አደረግሽው እኮ» ሲለኝ ይስቅ ነበር፤ እኔ አልስቅም።

ታዲያ ቪላስ ያስለው ጀመር። ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። ሐኪሙ ሁለቴ አይቶት «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» አለ። በጥር ሆስፒታል ሦስት ቀን አስተኙን። እዚያ ተሻለው፤ ቤት በገባን በሁለተኛው ቀን ፉጨቱ ተመለሰ። እኔም ብርድ ገብቶ ነው ብዬ ሌላ ፕላስተር ገዛሁ።

አንቺ የመጣሽው በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጫማሽን በር ላይ አውልቀሽ ገባሽ፤ አየሩን በአፍንጫሽ ሳብ ሳብ አደረግሽው፤ አልተቀመጥሽም።

«ቀን ቀን የት ነው የሚተኛው?»

«ውጭ፣ ጋሪው ውስጥ። የት ሊተኛ ኖሯል?»

«ዛሬ ከዜሮ በታች አራት ዲግሪ ነው።»

«በደንብ ተሸፋፍኖ ነዋ» አልኩሽ ቆጣ ብዬ። በዚህ አገር ልጁን ቀን ቀን ውጭ የማያስተኛ ማን አለ?

«እዚያ ሲተኛ ያስለዋል?»

አስቤው አላውቅም ነበር።

«በረዶ ላይ ታስተኚዋለሽ፤ ቤት ስታስገቢው ደግሞ ንፋስ ትፈሪለታለሽ» አልሽና ካልሲውን ከቀዳዳዋ መዘዝሽው። በሁለት ጣትሽ አንጠልጥለሽ «ይሄስ የማን ነው?» አልሽ። ዛሬ ሳስበው ሆዴን ይዤ እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ደሜ ፈላ።

ከዚያ ነጭ ሶፍት አውጥተሽ ከእናቴ ፎቶ በላይ ያለውን ግድግዳ ጠረግሽው። ሶፍቱ ጠቆረ። «የግድግዳውን ጥላሸት ጠረግሁት። ልጁ ደረት ውስጥ ያለውን ግን ልጠርገው አልችልም» አልሽኝ። ማሞቂያውን ዘጋሽ፤ የሳሎኑንና የወጥ ቤቱን መስኮት ትይዩ ከፈትሽ። «አሥር ደቂቃ፣ በቀን ሦስቴ። ስታበስዪ ጭስ መሳቢያውን አብሪው፤ ልጁ ይለምደዋል። ልብሱን ከዚህ አውጪው።» ይህን እያልሽ ወደ ሻማው ሄድሽ።

«እሱን እንዳትነኪው፤ የእናቴ ነው» አልኩሽ። «ሕያው ብርሃን ነው።» ሻማን ሁላችንም በዚህ አገር እንዲያ ነው የምንለው፤ እኔ ግን ያን ቀን ከልቤ ነበር።

«ሕያው ከሆነማ ይተነፍሳል ማለት ነው፤ የሚተነፍሰው ደግሞ የቪላስን አየር ነው» አልሽና እፍ አልሽው።

«ውጪልኝ» አልኩሽ። ጫማሽን እንኳን እስክታጠልቂ አልታገሥኩሽም፤ በእጅሽ ይዘሽው ወጣሽ። ሳትጠይቅ መስኮቴን ከፈተች፣ የሟች እናቴን ሻማ አጠፋች ብዬ በዚያው ቀን ለአለቆችሽ ጽፌ ከሰስኩሽ።

ጥያቄሽ ግን አልለቀቀኝም። በማግስቱ ግቢው ውስጥ ጋሪው አጠገብ ቆሜ አንድ ሰዓት ተኩል ጆሮዬን ሰጠሁ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ልጁ አንዴም አላሳለም። አስገባሁት፤ ሻማውን ለኮስኩ፤ ጡጦውን ሳይጨርስ ጀመረው። በማግስቱም እንደዚያው፤ በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። በአራተኛው ቀን ፎቶዋ ፊት ቆሜ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ፣ ልጁ ነው» አልኩና ራሴ አጠፋሁት። ከዚያ ፕላስተሩን በጥፍሬ እየላጥኩ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። መስኮቶቹን ከፈትኩ። ልብሱን ምድር ቤት ወዳለው ማድረቂያ አወረድኩ። ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ፉጨቱ ጠፋ።

ለክሱ የሰጠሽው መልስም ያን ሰሞን ደረሰኝ። «የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ስለ ሻማው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ መስኮቱ አልጠይቅም።» ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። በዚያች ሰዓት ስልክ ማንሳት ነበረብኝ። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ደግሞ ኩራቴ ባሰ። እያመነታሁ ሳለ ሌላ ነርስ ተመደበልን፤ አንቺም ጡረታ ወጥተሽ ስካገን የምትባል ከተማ ገባሽ ሲሉ ሰማሁ።

አሁን ወደ ትናንት ልምጣ። ሴት ልጅ ወልደናል፤ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ያልተኛ ቤት እንዴት እንደሚሆን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አስጌር ያጠበውን ሁሉ ሳሎን አስጥቶታል፤ መስኮቱ ላብ ያንጠባጥባል። አዲሷ ነርስ ቴያ ገባች። ልብሱን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ምን ልትዪ ነበር?» አልኳት።

«ምንም። ቤታችሁ ደስ ይላል።»

«ቴያ፣ መስኮቱን አይተሽዋል።»

ፊቷ ቀላ። «ካልተጠየቅን ስለ ሰው ቤት አስተያየት አንሰጥም፣ ምንም ነገር አንነካም። መመሪያ ነው። ድሮ አንዲት እናት ከስሳ ነው አሉ። ስለ ሻማ ነገር።»

ቦዲል፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስንት ነርስ ስንት ቤት ገብታ አየሩን ሳብ አድርጋ አፏን ዘጋች? የስንቱ ልጅ ደረት እያፏጨ «ቤታችሁ ደስ ይላል» ተባለ? አንቺን ብቻ የጎዳሁ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

«ያቺ እናት እኔ ነኝ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ፈገግ አለች። «መስኮቱን ክፈቺው።»

«ትፈቅጂያለሽ?»

«እለምንሻለሁ» አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ይህን ከመጀመሬ በፊት ለመሥሪያ ቤትሽ ጻፍኩ። ክሴን አንስቻለሁ፤ መመሪያው የቆመው ባዘነች ሴት ንዴት ላይ ነው፣ ነርሶቹ ያዩትን ይናገሩ አልኳቸው። ላንቺ ደግሞ ይኸው፤ አመሰግንሻለሁ። እየጮህኩብሽ ልጄን ስላዳንሽልኝ፣ በመልስሽም ስላላጎነበስሽ አመሰግንሻለሁ። ስለ ክሱ ይቅር በይኝ።

ይሰሙኝ እንደሆነ አላውቅም። ካልሰሙኝ ቪላስን ይዤው እሄዳለሁ። ቢሯቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ከታች እስከ ላይ በሩጫ ይወጣዋል፤ እኔ ገና እያለከለክሁ ስደርስ፣ እሱ ሙሉ ስሙን በአንድ ትንፋሽ ነግሯቸው ይሆናል።

ባለዕዳሽ፣
ቲልዴ