ባላምባራስ በሰዓታቸው የከሰሱኝ ዕለት

አራዳ፣ የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለምሳሳልዎት እናቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? የቡልጋ ብርድ አልጠናብዎትም? እኔና ወንድሜ ፀሐዬ፣ የጊዮርጊስ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነን። የጎደለን እርስዎ ብቻ ነዎት።

እምዬ፣ ከሰው አፍ ሰምተው እንዳይደነግጡ እኔው ልንገርዎ። ባለፈው ወር ተከስሼ ችሎት ቆሜ ነበር። አይጨነቁ፤ ነገሩ ያለቀው በሳቅ ነው።

በአርመኑ ሰዓት ሠሪ በሙሴ ሀጎፕ ሱቅ ለጽዳት እንደተቀጠርኩ ያውቃሉ። ያልነገርኩዎ፣ መጥረጊያውን ካስቀመጥኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አንድ ቀን ሰውየው ወጣ ሲል፣ አልሠራ ያለውን የግድግዳ ሰዓት ከፍቼ አስነሣሁት። ሲመለስ አልተቆጣም፤ ወንበር ስቦ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ሰዓት መጠገን ሆነ።

ታዲያ አንድ ባላምባራስ የኪስ ሰዓታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ሆዱ ተከፍቶ በእኔ እጅ አዩት። ሴት ነካክታ አበላሸችብኝ ብለው ከሰሱኝ።

ነገረ ፈጅ ሆኖ የቆመልኝ ፀሐዬ ነው። ልጅ ሳለ ገበያ ሲልኩት ችሎት ዳር ተገትሮ የሰው ሙግት ሲሰማ እየዋለ ስንቴ አናድዶዎታል። ቤት ሲመለስም ነጠላዎን ደርቦ፣ በላ ልበልሃ እያለ ከምሰሶው ጋር ይሟገት ነበር። አሁን ከምሰሶ ጋር መሟገቱ ቀርቶ ለሰው መሟገት መተዳደሪያው ሆኗል።

ያን ዕለት ግን ብዙ አልተናገረም። እህቴ ሰዓቱን እዚሁ ፈትታ ትግጠመው፤ ካልሠራ እኔ ልታሰር አለ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ነጠላዬን አንጥፌ ብሎኑን፣ ጥርሱን፣ ሞላውን ደረደርኩ። መሐል ላይ አንዲት ብሎን ከጣቴ አመለጠች። ተንበርክከው አፈር ውስጥ ፈልገው ያገኙልኝ የዳኛው ጸሐፊ አቶ አስገዶም ናቸው። ገጥሜ ስጨርስ ዳኛው ሰዓቱን ከጆሯቸው አስጠጉት፤ ፈገግ ብለው ለባላምባራስ አቀበሏቸው። ባላምባራስ አዳመጡ፣ ደግመው አዳመጡ፣ ከዚያ ልጄ፣ ቤትም ሌላ የቆመ አለኝ አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

የእሪ በከንቱን ቁልቁለት ስንወርድ ፀሐዬ፣ ላንቺ ስል ይህ ሁለተኛዬ ነው አለኝ። የፊተኛውን ዛሬ ልናዘዝዎ። የአባባን ሰዓት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የፈታታሁት እኔ ነበርኩ። ውስጡ ምን እንደሚንቀጫቀጭ ሳላይ ማደር አቃተኝ። ፀሐዬ ጥፋቱን በራሱ ወስዶ ተገረፈልኝ። እኔን ይቅር ይበሉኝ፤ እሱን ይመርቁልኝ።

አስገዶም ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓቴ ቆመ እያለ በየሳምንቱ ይመጣል። ከፍቼ ሳየው ምንም የለበትም። ሙሴ ሀጎፕም ነገሩ ገብቶት ፊቱን አዙሮ ይስቃል። እኔ እንኳ ሰዓቱ ደኅና መሆኑን እስካሁን ለአስገዶም አልነገርኩትም፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ይምጣ ብዬ።

ለፋሲካ ልንጠይቅዎት እንመጣለን። ፀሐዬ ስንት ሆነን እንደምንመጣ አስቀድመሽ ጻፊ ስላለኝ፣ መኝታ ለሦስት ሰው ያዘጋጁልን።

ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎ፤ ጉልበትዎን ያጽናልን፤ ምርቃትዎ ከደጃችን አይራቅ።

ነገር የማያልቅባት ትንሿ ልጅዎ